ስልሳ ሦስተኛዋ ጭስ

ወይራ አምባ፣ ኅዳር ፳፩ ቀን ፲፰፻፶፯ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ

ይድረስ ከንስሐ አባቴ ከአባ ሀብተማርያም፤ በባሕሩ ደሴት።

እንዴት ሰነበቱ? ደህና መሆኔን በነጋዴው በማሩ አፍ አስጠይቀውኛል። ማሩ መልእክትዎን ሲነግረኝ ከበቅሎዋ አልወረደም፤ ፊቱንም ወደ ጉና አዙሮ ነበር። "ወደ እኔ እያየህ አትናገርም?" አልሁት። "ሰው ምን ይላል ብዬ ነው፣ እመቤቴ" አለ። "እዚህ ሰው የለም እኮ።" "እሱማ የለም" አለና በቅሎዋን ኮለኮላት። ደህንነቴን ከዚህ ይመዝኑት።

እህል እበላለሁ። በተስቦው የረገፈው ጠጉሬ እንደ ገብስ ቡቃያ ብቅ ብሏል። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ግን በሴቶቹ በኩል ግራና ቀኜ የቆሙት ሁሉ ፈቀቅ አሉልኝ። ልጅ ያዘሉት ልጃቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

የሆነውን እንደማያውቅ ሰው አድርጌ ልጻፍልዎት። መስከረም ሲገባ ተስቦ ጣለኝ። ሰባት ቀን አንደበቴ ተዘጋ። አንቱ ከአጎቴ ከፈንታሁን ጋር መጡ፤ ቆብ ጫኑብኝ፤ ፍትሐት አደረሱልኝ፤ አመተማርያም ብለው ሰየሙኝ። ሊሞት ለተቃረበ ሰው ይህ እንደሚደረግ አውቃለሁ። አያቴም በሞቷ ዋዜማ ቆብ ደፍታለች፤ እሷ ግን በማግሥቱ ሞተችና ነገሩ ተስተካከለ። እኔ በዘጠነኛው ቀን ውሃ ጠየቅሁ።

ከአልጋ ስነሣ አጎቴ እርሻዬን አርሶ ሽንብራ ዘርቶበታል። "የመነኮሰ ለዓለም ሙት ነው፤ ሙት ርስት የለውም" አለኝ። አባቴ መሪጌታ ቀለመወርቅ ከእኔ በቀር ልጅ አልነበራቸውም። የተዉልኝም ያ እርሻና ከምንጩ በላይ ያለው የወይራና የኮሶ ደን ነው። ዕድሜዬ ሃያ ዓመት ነው። ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ቅኔ ቆጥሬአለሁ፤ ትዳር እንኳ ገና አልያዝሁም።

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ቆቡን ሲጭኑብኝ ፈቃዴን ጠይቀውኛል? ጠይቀውኝስ መልሻለሁ? እኔ የማስታውሰው የጣራውን ጭራሮ ነው። ከዚያ የዘለለ አላስታውስም። በተኛሁ ቁጥር ግን ድምፅዎን እሰማለሁ፤ የሙታኑን ጸሎት ሲያነቡ፣ ስሜን ሲጠሩ፣ ሌላ ስም።

ውብአለም ቀለመወርቅ ነኝ።


ከደሴቱ፣ ታኅሣሥ ፲፱ ቀን

ይድረስ ከመንፈስ ልጄ ከእማሆይ አመተማርያም።

የእግዚአብሔር ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። ብራናሽን ማሩ አደረሰልኝ። እጅሽ የአባትሽን እጅ ይመስላል፤ ከሩቅ ሳየው የመሪጌታ መልእክት መስሎኝ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ይህን በመጻፌ ይቅር በይኝ።

አጎትሽ ምን ሰጥቶኝ እንደሆነ በማሩ አፍ ጠይቀሻል። ምንም አልሰጠኝም። ፈንታሁን ክፉ ሰው ነው ብለሽም አታስቢ። እኔ የማስበውን ሁሉ ያስባል፤ እንዲያውም እንዲያስበው ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ወይራ አምባን ያቀናው አንድ ሰው ነው። ልጆቹ ሰባት ጭስ ሆኑ። እኔ ከአባትሽ ዘንድ ልማር ስመጣ በአምባው ላይ ጠዋት ጠዋት ሠላሳ ጭስ ይወጣ ነበር። አምና ለፋሲካ ቤት ለቤት እየዞርሁ ጠበል ስረጭ ስልሳ ሁለት ቆጠርሁ። ሰው ወለደ፤ ምድሪቱ አልወለደችም። የሰባቱ አባቶች እርሻ ለሠላሳ ተተለመ፤ የሠላሳው ለስልሳ ተሸነሸነ። አሁን በአጎትሽ ልጅ በአያሌው ድርሻ ላይ በሬ ማዞሪያ የለም። ጉና ራስ ድረስ ወጥተው ውርጭ የሚበላውን ገብስ ይዘራሉ። "ልጅ በዕድሉ ያድጋል" ይላሉ፤ ዕድልም የሚቆምበት መሬት ይፈልጋል።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። አምና በሐምሌ ወር ስድስት ሕፃናት ቀብሬአለሁ። በሽታ አልነበረባቸውም። አንዷን ስገንዛት ከብራናሽ አትከብድም ነበር። ያን ጊዜ አንድ ሰው ዓለምን በተወ ቁጥር ለአንድ ሕፃን ቦታ ይለቃል ብዬ አሰብሁ። ዛሬም አስባለሁ።

ሌላውን የጠየቅሽኝን በጸሎት ይዤዋለሁ።

አባ ሀብተማርያም


ወይራ አምባ፣ ጥር ፲፬ ቀን

ይድረስ ከአባ ሀብተማርያም።

እንደ ምን ከረሙ። ጥያቄዬን በጸሎት መያዝዎን ጽፈዋል። አጥብቀው አይያዙት፤ ይልቀቁትና ይምጣ።

ቆጠራዎትን ደጋግሜ አነበብሁት። ስልሳ ሁለት። እኔ ከጎጆዬ ወጥቼ ቆጠርሁ፤ ስልሳ ሦስት ነው። ስልሳ ሦስተኛው የእኔ ነው። ለካ ሲቆጥሩ አባቴ በሞቱበት ሰሞን ነበርና በሐዘን እሳት ስላልነደደ አልፈውኝ ኖሯል። ሙት ሆኜ የተቆጠርሁት ከመታመሜ በፊት ነው ማለት ነው።

እሺ፣ ስልሳ ሦስት እንሁን። አሁን ደግሞ ከእኔ ጋር ወደ አምባው ጫፍ ይምጡና ወደ ደብረ ታቦር ይመልከቱ። ጠዋት የንጉሡ ሰፈር ጭስ ሲነሣ ተራራው ራሱ የሚነድ ይመስላል። ያን ማን ቆጠረው? ንጉሡ እዚያ ከሰፈሩ ወዲህ የሚበላው ወታደር፣ የወታደሩ ሚስት፣ ጫኝ፣ አጋሰስ፣ ምርኮኛ ስንት ነው? በጋፋት ለንጉሡ መድፍ ብረት ለሚያቀልጡት የሚነደው ከሰል የስንት ቤት ምድጃ ነው? ከዚህ እስከ ሰፈሩ ባለው መንገድ ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ስሄድ ከጥድ ጥላ ወደ ጥድ ጥላ ነበር። ዛሬ ጉቶ እየቆጠርሁ መሄድ እችላለሁ። ጥዱ ያለቀበት የታችኛው ምንጭ በሁለተኛው ዓመት ደረቀ። ምንጩን ያደረቀው የእኛ መወለድ ነው?

ስድስቱ ሕፃናት በሐምሌ ሞቱ። በግንቦት ምን እንደነበረ ግን አልጻፉም። በግንቦት አራት አራት ወታደር እንዲቀለብ በየቤቱ ተመርቶ የዘር እህላችንን ሳይቀር በልቶ ሄደ። አንቱም እዚሁ ነበሩ። የአንቱን ጎተራ ግን አልነኩትም፤ የቤተ ክርስቲያን ነውና። ከሙሉ ጎተራ አጠገብ ቆሞ "ሰው በዛ" ማለት ይቀላል።

ረሃቡን አልክድም፤ አያሌውም በሬ እንደማያዞር አውቃለሁ። የገረመኝ ሌላ ነው። "ምድር ጠበበች" የሚል ሰው ሁሉ ጣቱን ዘርግቶ የሚቀንሰውን ሲፈልግ አንድም ቀን ወደ ራሱ አያመለክትም።

ሌሊት እተኛ እንደሆነ በማሩ አፍ ጠይቀውኛል። ሌሊቱ አይከፋም። የሚከፋው ቀኑ ነው። ባለፈው ሳምንት እቴነሽ መጣች። በሕመሜ ጊዜ ራሴን ይዛ የሰነበተችው ጎረቤቴ ናት። ልጇ ወርቁ በዚያው ተስቦ እንደሞተ ያውቃሉ። ደጃፌ ላይ ቆማ "አንቺ እዚያ ደርሰሽ ተመልሰሻል፤ ወርቁን አላየሽውም?" አለችኝ። "እኔ የትም አልሄድሁም፣ እትዬ" አልኋት። "እንዲያው ብርድ ይመታው እንደሆነ ብታውቂ ብዬ ነው። ጋቢውን አብሬ አልቀበርሁለትም፤ ለታናሹ አስቀረሁት" አለች። አላየሁትም ብዬ መለስኋት። ስትሄድ ከኋላዋ እያየሁ፣ አየሁት፣ ሞቆታል ብላት ምን ነበረ እያልሁ ዋልሁ። አሁን ሦስት ሴቶች እንደሷ መጥተዋል። ሕያዋኑ ሰላምታ ነፍገውኝ ለሙታኖቻቸው መልእክት ይልኩብኛል።

ጥያቄዬን በግልጥ እደግመዋለሁ፤ በዚያ ቀን "እሺ" ያለው አፍ የማን ነው?

ውብአለም


ከደሴቱ፣ የካቲት ፲ ቀን

ይድረስ ከልጄ።

የምጠራሽን ስም አጥቼ ነው ልጄ ያልሁት።

ችሎት ልትቆሚ ማሰብሽን ማሩ ነግሮኛል፤ ከአጎትሽ ጋር አትካሰሺ። ሴት ብቻዋን በችሎት ብትቆም መሳለቂያ ትሆናለች። ደግሞም ብትረቺ አዋጅ ይሆንብሻል፤ ዛሬ ቢያንስ ሐሜት ብቻ ነው።

ስለ ጎተራው የጻፍሽውን አንብቤ ሁለት ቀን እህል አልቀመስሁም።

ወይራ አምባን ለምን በድንገት እንደለቀቅሁ በማሩ አፍ ጠይቀሻል። ለሱባዔ ነው ብዬ ነበር ለሰዉ። በዘጠነኛው ቀን እቴነሽ እየሮጠች መጥታ "ውሃ ጠየቀች፣ አባ፤ ተናገረች" አለችኝ። እልል ልል ይገባኝ ነበር። አልቻልሁም። በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ የይፋግን መንገድ ያዝሁ። በሕይወት ያለሽበትን አምባ ወደኋላ ዞሬ አላየሁትም።

ከዚህ በላይ እንድጽፍ አታስገድጂኝ።

ሀብተማርያም


ወይራ አምባ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን

ይድረስ ከአባ ሀብተማርያም።

አላስገድድዎትም። እቴነሽ ነግራኛለችና።

እንዴት እንደነገረችኝ ይጠይቁ ይሆናል። ባቄላ ስንፈለፍል ነበር። "እትዬ፣ ያን ቀን ራሴ ከጭንሽ ላይ ነበር፤ ተናግሬአለሁ?" አልኋት። መፈልፈሏን አላቆመችም። "ከንፈርሽ ተጣብቆ ነበር። በቅቤ ሳረጥበው እንኳ አልተከፈተም።" "ታዲያ ማን መለሰ?" "አባ ሦስት ጊዜ ጠየቁሽ። ዝም። አጎትሽ 'ይህቺ እንደ ሕፃን አይደለችም ወይ? ለሕፃን የክርስትና አባቱ ይመልስለት የለም ወይ?' አላቸው። አባ ብዙ ቆዩ። በኋላ 'መልስላት' አሉት። 'እሺ ብላለች' አለ።" 

"ይህን በችሎት ትናገሪልኛለሽ?" አልኋት። ያን ጊዜ እጇ ቆመ። "ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ አንቺ ጩኺ። እኛ ግን መሬታችንን በፈንታሁን በሬ ነው የምናርሰው፤ የቀረኝም አንድ ልጅ ነው" አለች። አልተቀየምኋትም።

እንግዲህ ስህተትዎን አገኘሁት። አባቴ ቅኔ ሲያስተምሩን ተማሪ ሲሳሳት "የት ላይ እንደወደቅህ አሳየኝ" ይሉ ነበር። የወደቁበትን ላሳይዎት። ለሕፃን የክርስትና አባት ይመልስለታል፤ እውነት ነው። ሕፃኑ የሚቀበለው ግን ሕይወትን ነው። ሕይወትን ሰው ለሰው ሊቀበልለት ይችላል፤ እናትም ለጽንሷ ትቀበላለች። ቆብ ግን ሞት ነው፤ ፍትሐት የሚደረሰውም ለዚሁ ነው። ሞትን ስለ ሌላው ሆኖ "እሺ" የሚል አፍ ከወዴት ተገኘ? ስለ ሌላው መሞት አለ፤ ስለ ሌላው ሞት መስማማት ግን ሌላ ስም አለው፤ ስሙን አንቱ ያውቁታል።

ቸኩያለሁና ይፍጠኑ። ከሰፈሩ ትእዛዝ መጥቷል፤ ወይራ አምባ እስከ ሰኔ አጋማሽ መቶ ሃያ ጭነት ከሰል ታስገባ ተብሏል። አጎቴ ለሽማግሌዎቹ "የሙቷ ደን አለ" ብሏቸዋል። የአባቴ ወይራ ከምንጩ በላይ ነው። ታችኛው ምንጭ ከደረቀ ወዲህ ስልሳ ሦስቱም ጭስ ከዚያው ነው የሚቀዳው። አጎቴም ጭምር።

ምስክርነትዎን በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ። ከግንቦት ልደታ በፊት።

ውብአለም ቀለመወርቅ


ከደሴቱ፣ ሚያዝያ ፳፬ ቀን

ይድረስ ከውብአለም ቀለመወርቅ።

ከዚህ ጋር የተጣጠፈው ብራና ለዳኛው ነው። የተጻፈውም ይህ ነው፤ ውብአለም አልተናገረችም። ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፤ አልመለሰችም። አጎቷ ፈንታሁን ስለ እርሷ "እሺ ብላለች" አለ። እንዲመልስላት የፈቀድሁ እኔ ነኝ።

ለአንቺ የምጽፈው ሌላ ነው። አላወቅሁም ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አውቄ ነበር። ፈንታሁን ስለ ክርስትና አባት ሲናገር ልክ አለመሆኑን በቆምሁበት አውቄዋለሁ፤ ተማሪ ሳለሁ ለአባትሽ እንዲህ ያለ ነገር ብመልስ በመቋሚያቸው ይነኩኝ ነበር። ብዙ የቆየሁት ለዚህ ነው። በዚያች ቆይታዬ ውስጥ የአያሌውን እርሻ አሰብሁ፤ በሐምሌ የገነዝኋትን ሕፃን አሰብሁ። ይህቺ ልትሞት ነው፤ ሞቷ ለሚኖሩት ቢበጅ ምን አለበት አልሁ። ሒሳቡ ትክክል መሰለኝ። ካንቺ መኖር በቀር ስህተት አልነበረበትም።

አሁንም ማታ ማታ ባሕሩ ዳር ስቆም ውሃው ፍትሐት ሲደግም እሰማለሁ። የማን ስም እንደሚጠራ ለመስማት ጆሮዬን አዘነብላለሁ። የአንቺ አይደለም።

ሀብተማርያም ኃጥእ


ወይራ አምባ፣ ግንቦት ፳፰ ቀን

ይድረስ ከአባ ሀብተማርያም።

ችሎቱ እንዴት እንደነበረ በማሩ አፍ ጠይቀዋል፤ ሰዉ ሳቀብሽ ወይ ብለዋል። አዎ፣ ሳቀ። ግን በተራ ነው።

ዳኛው የደብረ ታቦር ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ዓይናቸው ፈዟል። "አንቺ ሴት፣ ነገረ ፈጅ የለሽም?" አሉኝ። "አፍ አለኝ፣ ጌታዬ።" "እሱንስ እያየሁት ነው" አሉ፤ ያን ጊዜ ሰዉ ሳቀ።

አጎቴ ተነሣ። "ጌታዬ፣ የወንድሜ ልጅ ናት፤ ጠላቷ አይደለሁም። ነገር ግን ሞታለች" አለ። ዳኛው በደህናዋ ዓይናቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "ለሙት ደህና አድርጋ ቆማለች" አሉ፤ ሰዉ እንደገና ሳቀ።

ብራናዎ ተነበበ። አጎቴ እስኪያልቅ ጠብቆ "አባ ሀብተማርያም መነኩሴ ናቸው። ፍትሐት ተደርሶላቸዋል። ሙት ለሙት ይመሰክራል እንዴ?" አለ። ይህ ለሰዉ ጣፈጠው፤ አጨበጨበ። እኔም "ሙት ከሆኑ ሥራቸውም የሙት ሥራ ነው፤ ሙት የጫነው ቆብ በሕያው ራስ ላይ እንዴት ይጸናል?" አልሁ። ዳኛው ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና "ብራናውን ተዉት" አሉ። "ፈንታሁን፣ በገዛ አፏ እሺ ብላለች ብለህ ማልና መሬቱን ውሰደው።"

ወንጌሉ መጣ። አጎቴ እጁን ዘረጋ። የበኩር ልጁ አያሌው ከጎኑ ነበር፤ "አባባ፣ እኛ አራት ነን" አለው በቀስታ። ማል ማለቱ ይሁን አትማል ማለቱ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አጎቴ እጁን ከወንጌሉ ላይ ስንዝር ያህል አርቆ ይዞ ቆመ። እጁ እንደ አባቴ እጅ መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት። ከዚያ ወደ ደረቱ መለሰው።

"እኔ ነኝ እሺ ያልሁት" አለ። "ልትሞት ነበር። አራት ወንዶች አሉኝ፤ የአንዱ ድርሻ በሬ አያዞርም። የምትሞት ልጅ ለሚኖሩት ብትተውላቸው ምን ነውር አለው አልሁ። አለመሞቷን እኔ ምን አውቄ?" ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ዳኛውም አላዩትም፤ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት።

"ሕያው ናት፤ ርስቷም የእሷ ነው" ተባለ። እኔ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ጸሐፊው አንገቱን አቀና። "እንግዲያው የወይራ አምባ ከሰል ግዳጅ ከደኗ ባለቤት ይጠየቃል" አለ።

በሙትነቴ ግብር አልነበረብኝም፣ አባ። በሕይወት መኖሬ የታወቀው ባለ ዕዳ ስሆን ነው።

ውብአለም


ወይራ አምባ፣ ጥቅምት ፰ ቀን ፲፰፻፶፰ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ

ይድረስ ከአባ ሀብተማርያም።

ደብዳቤዎ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ መጣ። ማሩ በቃሉ ምክንያቱን ነገረኝ። በዚህ ጊዜ ከበቅሎዋ ወርዶ፣ ተቀምጦ፣ ጠላ ጠጥቶ ነው የነገረኝ። ሦስት ነገር ጠይቀውኛል፤ በየተራ እመልሳለሁ።

ስለ ደኑ። በሰኔ የመጡት ወታደሮች አልነበሩም። መጥረቢያ ይዘው የመጡት ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ስልሳ ያህል ወንድ። ቃል አቀባያቸው "ወይ ዛፍሽን ወይ ቤታችንን፤ ከሰሉ ካልገባ ወታደር ይመራብናል" አለኝ። "ምንጩስ?" አልሁ። "ምንጩ ከርሞ ይደርቃል። ወታደሩ ነገ ይመጣል።" ይህን ያለኝ የእቴነሽ ባል ነው፤ ካቻምና በግንቦት ወታደር የዘር እህሉን ሲበላ አይቷል። በጽሑፍ ያሸነፍሁዎት ክርክር በደጄ ቆሞ መጥረቢያ ይዞ ሲጠይቀኝ ሌላ ሆነ።

አመድ በቁና ይዤ ወጣሁ። ከደኑ በደቡብ በኩል ያለውን ዛፍ አንድ በአንድ በእጄ አመድ ቀባሁ፤ አባቴ ጥላው ሥር ያስተምሩበት የነበረውን ወይራ ጭምር። ልክ ከምንጩ አናት ላይ ያለውን ግን አልቀባሁም። "አመድ የሌለበትን የነካ እንደሆነ ውሃውን ከሌላ ቦታ ይቅዳ" አልሁ። አራት ቀን ቆረጡ። በአራቱም ቀን አጎቴ ከምንጩ በላይ ተቀምጦ ማንም እንዳያልፍ ሲጠብቅ ዋለ። አላዘዝሁትም፤ አላመሰገንሁትምም። ከሰሉ ገባ። በመስከረም ደግሞ ሁለተኛ ትእዛዝ መጥቷል፤ በዚህኛው ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ሁለተኛው፣ ምድሪቱ ትበቃለች ወይ ብለውኛል። "ዛሬ እንደ ባለ ርስት መልሺልኝ" ብለዋል። ከርስቴ ሲሶውን አያሌው የእኩል እንዲያርሰው ሰጥቼዋለሁ፤ አሁን በሬው ይዞርለታል። ሦስቱ ወንድሞቹ ግን በሬ የላቸውም፣ ማዞሪያም የላቸውም። በወሩ ውስጥ ሰባት ሕፃናት ተወልደዋል። ቆጥሬ አየሁት፤ አትበቃም። ሰፈሩ ነገ ተነሥቶ ቢሄድ እንኳ ለልጅ ልጆቻችን አትበቃም። በዚህ አልተሳሳቱም። ከሁሉ ይልቅ ለመጻፍ ያስቸገረኝ ይህ ነው። ግን ባትበቃም የማትበቃው ለሁላችን ነው፤ ሁላችንም ተቀምጠን፣ ነቅተን፣ አፋችን ተከፍቶ የምንካፈለው እጦት ነው። በሕመም የተኛ ሰው ቤት ሄዶ የሚጀመር ነገር አይደለም።

ሦስተኛው፣ ይቅርታ ነው።

ማሩ ጭነቱን አሰናድቶ ደጅ ቆሟል። "አባ እህል አይወርድላቸውም፤ እስከ ኅዳር የሚደርሱ አይመስለኝም። ይቅር ብላዎታለች ብዬ ብነግራቸው ምን አለበት? ቃል ብቻ እኮ ናት" ይለኛል። ደግ ሰው ነው፤ አንቱ ዕረፍት ያገኙ ዘንድ ነው የሚፈልገው። እቴነሽም ከጓዳ ሆና "በይው" ትለኛለች። ሁለቱም ስለ እኔ ሊመልሱ ዝግጁ ናቸው።

ማንም አይመልስልኝም ብያቸዋለሁ።

ደሴታችሁን ሴት እንደማይረግጠው አውቃለሁ። ዳር ድረስ ግን የሚከለክለኝ የለም። ማሩ ይህን ይዞ ይቀድማል፤ እኔ በመጪው ማክሰኞ ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር እነሣለሁ፤ በይፋግ አድሬ በሦስተኛው ቀን ባሕሩ ጋ እደርሳለሁ። ወንድሞችዎ በታንኳ አስተኝተው ድምፄ እስከሚሰማበት ያቅርብዎት። የምነግርዎትን ገና ራሴም አላወቅሁትም፤ በመንገድ አስብበታለሁ፤ በገዛ አፌ ይሰሙታል።

እስከዚያ ድረስ እንዳይሞቱ።

ውብአለም ቀለመወርቅ